የሐይቁ ሚዛን፦ ጦሃራ የሆነ ሁሉ ጠይብ ነውን?



ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ዒድን በሐይቅ ዳር ከሚኖሩ አያቱ ዘንድ አሳልፎ ሲመለስ አንድ ጥያቄ ይዞልኝ መጣ። «ኡስታዝ፣ የሐይቁ ውሃ አረንጓዴ ሆኗል። ዳር ዳሩ ላይ እንደ ቀለም ረግቷል፤ ይሸታልም። ለውዱእ ይሆናል?» አለኝ። ጥያቄው ገና ያስተማርኩት ምዕራፍ ውስጥ ያለ ስለነበረ ደስ አለኝ። በሻፊዒይ መዝሀብ ኪታቦች እንደተቀመጠው ውሃ በአንድ ቦታ ብዙ በመቆየቱ፣ ከጭቃው ወይም በውስጡ ከሚበቅለው አረንጓዴ ነገር የተነሳ ቢለወጥ አጥሪነቱን አያጣም። ውሃን ከእነዚህ ነገሮች መጠበቅ አስቸጋሪ ነውና። ዐረቦች ያንን አረንጓዴ ነገር «ጡሕሉብ» ይሉታል። ስለዚህ ሳላመነታ «ይሆናል፤ ውሃው ጦሃራ ነው» ብዬ መለስኩለት። ልጁም መልሱን ይዞ ሄደ።

ከመግሪብ በኋላ ተቀምጬ ሳስብ ግን የልጁ የመጨረሻ ቃል አላስቀመጠኝም። አያቱ ከዚያው ሐይቅ ይቀዳሉ፤ ከዚያው ልብስ ያጥባሉ፤ ጎረቤቶቻቸውም እንዲሁ። እኔ የመለስኩት የተጠየቅሁትን ብቻ ነው። መልሱ ስሕተት አልነበረም፤ ዛሬም አላነሳውም። ነገር ግን አሏህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ የሰው ልጆችን በሙሉ ጠርቶ ከምድር ስለሚበሉት ሲነግራቸው በአንድ ቃል አልተወውም። ሐላልም ጠይብም አለው። አንዱ ቃል የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ለምን መጣ? በሕግ ሚዛን ንጹሕ የሆነ ነገር ሁሉ መልካም ነው ማለት ነውን? ይህንን ጥያቄ እንደ እኔ ላለ፣ ከመድረሳ ውጭ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብቻ ለቀመሰ ሰው ለመመለስ መጀመሪያ ሐይቁን ራሱን መጠየቅ ግድ ሆነ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

በሐይቅ ውሃ ውስጥ ዓይናችን የማያያቸው ፍጥረታት ይንሳፈፋሉ። በአንድነት ፕላንክተን ይባላሉ። ገሚሶቹ እንደ ዕፅዋት ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ናቸው፤ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ዋቅላሚ ይላቸዋል። ገሚሶቹ ደግሞ እነዚያን የሚግጡ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። ከሁለቱም ጋር ባክቴሪያዎች አሉ። የሞተውን እያፈረሱ ውስጡ የነበረውን ንጥረ ነገር ለሕያዋኑ ይመልሳሉ። (ባክቴሪያ ሲባል በሽታ ብቻ የሚታየን ብዙ ነን። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ሐይቁ በሬሳ በተሞላ፣ ለሚወለደውም የሚተርፍ ባልኖረ ነበር።) ልጁ ያየው እንደ ቀለም የረጋ ነገር ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም ወገን ነው፤ እንደ ዋቅላሚ ከብርሃን የሚመገብ ነገር ግን በዘሩ ባክቴሪያ የሆነ ፍጥረት ነው። ሳያኖባክቴሪያ ይሉታል።

አሜሪካዊው ተመራማሪ አልፍሬድ ሬድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው ጥናት የባሕር ፕላንክተን አካል የተሠራባቸው ንጥረ ነገሮች በዘፈቀደ የተቀላቀሉ እንዳልሆኑ አመለከተ። ቁጥሩ በኋላ እየተጣራ መጥቶ ዛሬ የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ ለአንድ አቶም ፎስፈረስ 16 ያህል ናይትሮጅን፣ 106 ያህል ካርቦን። አንድ፣ አሥራ ስድስት፣ መቶ ስድስት። ይህ የሆነው ከአንድ ውቅያኖስ ወደ ሌላው ብዙ ሳይለያይ ነው። ሱብሓነላህ! በሱረቱል ቀመር ሁሉም ነገር በልክ እንደተፈጠረ፣ በሱረቱል ሒጅርም ከአሏህ ዘንድ ማከማቻው የሌለ ነገር እንደሌለ፣ የሚወርደውም በታወቀ መጠን ብቻ እንደሆነ የምናነበው ይህን የመሰለውን ነው። ሆኖም ቁርኣንን የኬሚስትሪ መጽሐፍ ለማድረግ ከሚሽቀዳደሙት ጋር አይደለሁም። የሳይንስ ቁጥር ነገ ሊስተካከል ይችላል፤ የአሏህ ቃል በቁጥሩ ላይ አልተንጠለጠለም።

በሐይቆች ግን ነገሩ እንደ ውቅያኖስ የጸና አይደለም። ልኩ ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል። በእኛ አገር ያለውን እንመልከት። በክረምት ጎርፍ አፈር ይዞ ይገባል። ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ፎስፈረስ ይመጣል፤ ውሃው ግን ስለሚደፈርስ ብርሃን ያጥራል። ሰማይ ሲገለጥ ፀሐይ የላይኛውን ውሃ ታሞቀዋለች። የሞቀው ቀላል ስለሆነ በቀዝቃዛው ላይ ዘይት በውሃ ላይ እንደሚተኛ ይተኛበታል። ከዚያ በኋላ ላይኞቹ ዋቅላሚዎች ያለውን ፎስፈረስ ይጨርሳሉ። ሲሞቱ ወደ ታች ይሰጥማሉ። ታች ያሉት ባክቴሪያዎች ያፈርሷቸዋል፤ በዚያው ልክ ኦክስጅኑን ይፈጁታል። እንግዲህ ላይ ብርሃን አለ፣ ፎስፈረስ የለም፤ ታች ፎስፈረስ ተከማችቷል፣ ብርሃን የለም።

ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር ሲመጡ ደመና የሌለበት ሌሊት የላይኛውን ውሃ ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘው ከብዶ ይወርዳል፤ የታችኛው ይወጣል፤ የተከማቸውም ሲሳይ ይከፋፈላል። በቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች ይህንን የሌሊት ቅዝቃዜ ሥራ መዝግበውታል። ልብ በሉ፤ ይኸው መገልበጥ በድንገትና በብዛት ከሆነ ኦክስጅን የሌለውን ውሃ ይዞ ወጥቶ ዓሣውን ይፈጀዋል። ሲሳዩና ጥፋቱ የሚወጡት ከአንድ ጉድጓድ ነው፤ የሚለያቸው ልኩ ነው።

ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ ይህ ነው። ብርሃን በዝቶ ፎስፈረስ ሲያጥር ዋቅላሚው መሥራቱን አያቆምም። በካርቦን ብቻ ያብጣል። በመቶ ስድስት ፋንታ ለአንዱ ፎስፈረስ ብዙ መቶ ካርቦን ይሸከማል። ውሃው አረንጓዴ ነው፤ ለሚያየው ጥጋብ ነው። እርሱን የምትግጠው ዳፍኒያ የምትባል ደቃቅ የውሃ ቁንጫ ግን ሆዷ ሞልቶ አታድግም፤ በደንብም አትራባም። እንጀራ በበርበሬ ብቻ እየበላ ጠግቦ የሚያድር ልጅ እንደማይፋፋ እናቶቻችን ያውቁታል። ባክቴሪያዎች በበኩላቸው ከዋቅላሚ ይልቅ ልካቸውን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ለአካላቸው የሚሹት ፎስፈረስም ይበዛል። ስለዚህ በችግር ወቅት መላሽ መሆናቸው ቀርቶ ተሻሚ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ዋቅላሚ ደግሞ ባገኘ ጊዜ ለወዲያው ከሚያሻው በላይ ፎስፈረስ እየሳበ በአካሉ ያከማቻል። እዚህ ላይ ስለ እህል አከማቾች አንድ ነገር መናገር አምሮኝ ነበር። ግን ተውኩት። ዋቅላሚ ሙከለፍ አይደለም፤ አይጠየቅም። በተፈጠረበት ልክ ይሄዳል። የሚጠየቀው ሌላ ነው።

በሱረቱ ረሕማን አሏህ ሰማይን ከፍ ማድረጉንና ሚዛንን ማኖሩን ከነገረን በኋላ ወዲያውኑ ወደ እኛ ይመለሳል፤ በሚዛኑ ላይ ወሰን እንዳናልፍ ያዘናል። ሙፈሲሮች ይህን ሚዛን ፍትሕ ብለው ተርጉመውታል፤ የገበያውን ሚዛንም ብለውታል። ትእዛዙ ለከዋክብት አልተነገረም፤ ለውሃ ቁንጫም አልተነገረም። ልጥሰው እችላለሁ ለሚል ፍጡር ነው የተነገረው።

እንዴት እንደምንጥሰው ለማየት ወደ ካናዳ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች እያረነጉዱ ሲሸቱ ጥፋተኛው ማነው የሚል ትልቅ ክርክር ተነሣ። ጣት ከተቀሰረባቸው አንዱ በልብስ ሳሙና ውስጥ የሚገባው ፎስፌት ነበር። ከሳሙና ነጋዴዎቹ ወገን የቆሙት ደግሞ «ካርቦን ነው እንጂ ፎስፈረስ አይደለም» እያሉ ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 ዴቪድ ሺንድለር የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በኦንታሪዮ ግዛት፣ ወገቡ ላይ ጠበብ ያለ፣ በቁጥር 226 ተብሎ የሚጠራ ትንሽ ሐይቅ መረጡ። በመካከሉ መጋረጃ ዘርግተው ለሁለት ከፈሉት። በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ። በሌላው ወገን እነዚያኑ ጨምረው ፎስፈረስ ደረቡበት። ብዙም ሳይቆይ ፎስፈረስ የተጨመረበት ወገን ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ሆነ፤ የመጋረጃው ማዶ እንደነበረ ቀረ። ከሰማይ የተነሣው ፎቶግራፍ ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ሰውን አሳመነ።

ታዲያ ፎስፈረስ ክፉ ነገር ነውን? አጥንታችንና ጥርሳችን ያለ እርሱ አይሠሩም። ገበሬው በማዳበሪያ ከረጢት ገዝቶ በማሳው የሚበትነው እርሱን ነው፤ ባይበትነው ደግሞ ልጆቻችን ይራባሉ። ኒዕማ ነው። በማሳ ላይ ኒዕማ የሆነው በሐይቅ ላይ ሲበዛ መቅሠፍት ይሆናል። አንዳንድ ሰው ክፋትን ከነገሩ ውስጥ ይፈልጋል፤ «ይህ ነገር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ካገኘ በኋላ ይተኛል። ቦታውንና መጠኑን ካልጠየቀ ግን ገና አልጠየቀም። ያ አረንጓዴ ነገር ራሱ ምስክር ነው። በቻድ ሐይቅ አካባቢ በካኔም ምድር የሚኖሩ ሙስሊም እናቶች ከትናንሽ ጨዋማ ሐይቆች ላይ አንዱን የሳያኖባክቴሪያ ዓይነት እየሰበሰቡ፣ በአሸዋ ላይ አድርቀው ለወጥ ያደርጉታል፤ «ዲሄ» ይሉታል። በአልሚነቱ የታወቀ ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 ደግሞ በአሜሪካ ቶሊዶ በምትባል ከተማ ሌላው ዓይነት በኤሪ ሐይቅ ላይ በዝቶ መርዙ ወደ ከተማው ቧንቧ በመግባቱ ከ400,000 በላይ ሰዎች ከቧንቧቸው እንዳይጠጡ ታዘዙ። አንድ ወገን፣ አንዱ ዲሄ፣ አንዱ መርዝ። በእኛም አገር በቆቃ ውሃ ላይ እንዲህ ዓይነቱ መርዝ ተለክቶ ተገኝቷል።

እናቶች ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ፦ ይህን መርዝ ማፍላት አያጠፋውም። ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም መርዙ የባሰ ይወፍራል። አረንጓዴ ሁሉ መርዝ አይደለም፤ ግን ዓይን አይለየውም። ስለዚህ እንደ ቀለም ከረጋበት ዳር አይቀዳም፤ ከብትም አይጠጣም፤ ልጅም አይዋኝም።

ይህን ሳውቅ ወደ ፊቅሁ ተመለስኩ። የጎደለው ፊቅሁ አልነበረም፤ የገለጥኩት አንድ ምዕራፍ ብቻ ስለነበረ ነው። የውሃን ምዕራፍ ገልጬ የጉዳትን ምዕራፍ ረሳሁ። ውሃው አጥሪ ነው፤ ግን አካልን የሚጎዳ መሆኑ ከታወቀ በጉዳቱ ምክንያት ይከለከላል። ውሃ መጠቀም የሚጎዳው ሰው ደግሞ ተየሙም እንዲያደርግ ተፈቅዶለታል። ውዱእ የሚያደርግ ሰው አፉንና አፍንጫውን ይጉመጠመጣልና ነገሩ ቀላል አይደለም። እንግዲህ ጦሃራ አንድ ጥያቄ ነው፣ ጠይብ ሌላ ጥያቄ ነው። ለልጁ የመለስኩለት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። አንዲት እናት ከሐይቁ ዳር አንድ ባልዲ የሳሙና ውሃ ብትደፋ ሐይቁ አይለወጥም። ይህ እውነት ነው። ሁለተኛዋም ብትደፋ እንዲሁ። የገበሬው አንድ ማሳ፣ የአንዱ ቤት ሽንት ቤት፣ ለየብቻው ሲታይ ምንም አይደለም። ሐይቁን ማን ገደለው ቢባል «እኔ» ሊል የሚገባው ሰው አይገኝም። እያንዳንዱ ሲመዘን ዜሮ የሆነ ሥራ ተደምሮ እንዴት ጥፋት ይሆናል? ጥፋቱስ በማን መዝገብ ይጻፋል?

በዚህ ላይ የረዳኝ ሁላችንም የምናውቀው ክልከላ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቆመና በማይፈስ ውሃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል። በሌላ በኩል በሻፊዒይ መዝሀብ ሁለት ቁላ የሞላ ውሃ፣ በአብዛኞቹ ስሌት 200 ሊትር ገደማ ነው፣ ካልተለወጠ በቀር በጥቂት ነጃሳ አይበከልም። ሐይቅ ደግሞ ስንት እጥፍ ቁላ ነው! ታዲያ የአንድ ሰው ሽንት የማይለውጠው ከሆነ ክልከላው ስለምን? ከቀደምት ዑለማእ ያብራሩት አሉ። ይኸኛው ቢሸና፣ ቀጥሎ ያኛው ቢሸና በመጨረሻ ውሃው ይለወጣል፤ ስለዚህ በሩ ከመነሻው ተዘጋ። እነሆ፣ ሰውየው የተከለከለው ባደረሰው ጉዳት አይደለም። ሁሉም እንደ እርሱ ቢያደርግ በሚደርሰው ጉዳት ነው። «የኔ ምን ያህል ነው?» የሚለው ማምለጫ በዚህ ሐዲስ ላይ አይሠራም። ሕጉ ሰውን ብቻውን እንደቆመ አልቆጠረውም፤ ከጎረቤቱ ጋር ደምሮ ነው የቆጠረው።

«ሁሉም በቀደር ነው፤ ሐይቁም ካረነጎደ አረነጎደ» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መኖሩን ሰምተው ሲመለሱ ይኸው ቃል ተነሥቶባቸው ነበር። እሳቸውም ከአሏህ ቀደር ወደ አሏህ ቀደር መሄዳቸው እንደሆነ መልሰዋል። ሌሎች ደግሞ «ኒያው ጥሩ ነበር» ይላሉ። በወሎ ያለውን የሐይቅን ሐይቅ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የለኩት ሰዎች ውሃው እጅግ ጥርት ያለ ሆኖ አግኝተውት ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሕዝቡ ዓሣ እንዲበላ ቆሮሶ ተለቀቀበት። በኋላ የለኩት ሐይቁ አረንጓዴ ሆኖ አገኙት፤ ዋቅላሚውን የሚግጡ ጥቃቅን እንስሳት በዓሣው መበላታቸውንም ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው ቆጠሩት። የለቀቁት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ብዙ ቤተሰብም ከዓሣው ተጠቅሟል። ኒያ የሰውን ምንዳ ያስተካክል ይሆናል። የሐይቁን ሚዛን ግን አያስተካክልም፤ ለዚያ ዕውቀት ያሻል።

የተበላሸ ሁሉ አይመለስም ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ ሲያትል ከተማ አጠገብ ያለው የዋሺንግተን ሐይቅ የከተሞች ፍሳሽ እየገባበት በሳያኖባክቴሪያ ተይዞ ነበር። ነዋሪዎቹ በራሳቸው ላይ ወጪ ፈቅደው እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1968 ፍሳሹን ከሐይቁ አዞሩት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ውሃው ጠራ። ያዞሩት ግን አንድ ሆነው ነው። ይህ እኔን የሚያስጨንቀኝ ነው። ብቻዋን የቆመች አንዲት አሮጊት ምን ታድርግ? ከሆቴሉና ከፋብሪካው የሚመጣው ቱቦ ሌት ተቀን እየፈሰሰ ሸክሙን ሁሉ በባልዲዋ ላይ መጣል ግፍ ነው። ብዙ የሚያፈስስ ብዙ ይጠየቃል፤ የሚፈቅድለትም አብሮት ይጠየቃል። ነገር ግን የእነሱ መበርታት የእኛን ባልዲ ሐላል አያደርገውም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ከባድ ነው፤ እኔም ሁልጊዜ አልያዝኩትም።

ልጁን በሚቀጥለው ሳምንት አስጠራሁት። «ያልኩህ ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ነበር» አልኩት። ከረጋው ውሃ እንዳይጠጡ፣ ለውዱእም ከጥሩው ወገን ወይም ከቦኖ እንዲቀዱ፣ የልብስ እጣቢውንም ከዳር ራቅ አድርገው አፈር ላይ እንዲደፉት ለአያቱ እንዲነግር አዘዝኩት። አፈር ፎስፈረሱን ይይዘዋልና። ልጁ ዝም ብሎ አየኝና «ኡስታዝ፣ ሌሎቹ እኮ እዚያው ነው የሚደፉት» አለኝ። ከላይ ያተትኩትን ሐዲስ ነገርኩት። ገብቶት ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

ከወር በኋላ ሲመለስ ጠየቅሁት። አያቱ ባልዲውን ተሸክመው ወደ ሙዙ ጥግ ይወጣሉ አለኝ። ዳገት ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጎረቤቶቻቸው እየሳቁባቸው እዚያው ዳሩ ላይ ይደፋሉ። አሁን እርሱ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ይደፋላቸዋል።